እግረ አጭሩ ሞተር

አሶሳ ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ዶሮ ማባረር ነበር።

አለቃዬ አቶ ጌታቸው በክልሉ ግብርና ቢሮ የሥራ ሂደት አስተባባሪ ነበሩ። አጭር፣ ፈጣን፣ የቁልፍ ቀለበታቸውን ሳያንቀጫቅጩ ማሰብ የማይችሉ ሰው። ከቢሯቸው ጀርባ ወዳለው ግቢ ወሰዱኝና አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር የቆመች የፋይበር ጀልባ አሳዩኝ። የዝናብ ውሃ እስከ ወገቧ ሞልቷታል። ደረቅ በቀረው አፍንጫዋ ላይ ሁለት ዶሮዎች ተኝተዋል። አጠገቧ ላስቲክ የለበሰ ሞተር አለ፤ ላስቲኩን ስገልጠው አይጥ ዘላ ወጣች።

ምን ሆና እንደቆመች ጠየቅኳቸው። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የተገዛች መሆኗን፣ ወንዝ ወርዳ ሁለት ሳምንት ሠርታ መመለሷን ነገሩኝ። ለምን እንደተመለሰች የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም።

ዶሮዎቹን አባረርኩ፣ ውሃውን በባልዲ ቀዳሁና በሠራተኞች እርዳታ ጀልባዋን ገለበጥኳት። ወለሏ ሹል ነው፤ ከመሃል ወደ ታች እንደ ማረሻ ወርዷል። ጫፉ በድንጋይ ተፍቆ ተፍቆ ክሩ ወጥቷል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ድንጋይ ለሞላበት ጥልቀት ለሌለው ወንዝ የትልቅ ሐይቅ ጀልባ ገዝተውለታል። በልቤ ሳቅኩባቸው። ያ ሳቅ በኋላ ወደ እኔው ዞሯል።

ሙያውን የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ የጀልባ ጋራዥ ነው። ያስተማሩኝ ዋና መካኒኩ ጋሽ በላይ ናቸው። ጣና ጠዋት ተኝቶ ያረፍዳል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ግን ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ጋሽ በላይ ጀልባ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚያስቡት ማዕበሉን ነበር። ማዕበል የሚሰነጥቅ ሹል ወለል፣ እግረ ረጅም ሞተር። የሞተር እግር የምንለው ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት የጀልባው የኋላ ሳንቃ ጫፍ፣ እየዞረ ውሃውን እስከሚገፋው ፕሮፔለር ድረስ ያለውን ቁመት ነው። እግሩ ረጅም ከሆነ ማዕበሉ ጀልባዋን ቢያነሳት እንኳ ፕሮፔለሩ ከውሃ አይወጣም።

ጋሽ በላይ አንድ ነገር ደግሞ ኪሴ ውስጥ አኖሩልኝ። የጣት አንጓ የምታህል የነሐስ ፒን ናት። በድሮዎቹ ሞተሮች ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው እሷ ናት። ፕሮፔለሩ ጠንካራ ነገር ሲመታ ፒኗ ትቆረጥና የሞተሩን ጥርስ ታተርፋለች። ከኪስህ እንዳትለይ አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ጋብቻ ስፈጽም እንኳ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበረች።

አሶሳ የጀልባ መካኒክ መባል ራሱ ያስቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት የመስኖ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ስፈታ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ባጃጅ እጠግን ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ “ካፒቴን” የሚል ስም አወጡልኝ። አስፋልቱ ላይ ዝናብ ውሃ ያቆረ እንደሆነ ባጃጃቸውን አቁመው ጀልባ እንዳመጣላቸው ይጠይቁኝ ነበር። አልተቀየምኳቸውም። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ የግድቡ ውሃ መጣ። በጉባ በኩል ያለው እንደ ባሕር ተንጣለለ፤ ከዋናው ውሃ ተገንጥሎ አንዱ ጠባብ ክንድ ደግሞ ከአሶሳ በስተሰሜን ባለ ሸለቆ ውስጥ ገባ። የሸለቆው ሰዎች ቀደም ብለው ወደ ከፍታው ተዛውረዋል። ትናንት ገበሬና ወርቅ አጣቢ የነበሩት መረብ ገዝተው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። አሥራ ስምንት ሆነው ማኅበር አቋቋሙ። የሚያጠምዱት ከዳር ሆነው ወይም ቀርቀሃ አስረው በላዩ እየተቀመጡ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ሞልቷል፤ መረቡን ግን ከዳር ራቅ አድርገው መጣል አልቻሉም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሙሳ ይባላል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ንግግሩን ሁሉ ሲያበቃ አንዴ የሚጨብጥህ ሰው ነው። መሥሪያ ቤታችን ለማኅበሩ አንድ ጀልባና አንድ ሞተር ሊገዛ ወሰነና ዓይነቱን እንድመርጥ እኔ ተመደብኩ። ሙሳ ይህን ሲሰማ ከሸለቆው አሶሳ ድረስ መጣ። ቢሮ አልገባም፤ ቀጥታ ወደ ማንጎው ሄዶ ጀልባዋን ዞሯት።

“ኡስታ፣” አለኝ። በዚያ በኩል የእጅ ባለሙያ የሚጠሩት እንዲህ ብለው ነው። “እኛ ይሄን ጀልባ አይተናል። ሁለተኛ ጀልባ የሚሰጠን የለም። እንደሱ አታድርገን።”

እንደሱ እንደማላደርግ ነገርኩት። ጨበጠኝና ሄደ።

በጥቅምት ወር ሸለቆው ወረድኩ። ገመድ በየሜትሩ ቋጥሬ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰርኩና ቀርቀሃው ላይ ተቀምጬ ውሃውን ለካሁ። ሰባት ቦታ ጣልኩ። ትንሹ ሰባት ሜትር፣ ትልቁ አሥራ አንድ። እጅግ ደስ አለኝ። ይሄማ ጣና ነው አልኩ። ወለለ ሹል የፋይበር ጀልባ፣ ሃያ አምስት ፈረስ ጉልበት፣ እግረ ረጅም ሞተር ብዬ እዚያው ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ዳር ላይ አንዲት ሴትዮ ዓሣ እየሰነጠቁ ቀርቀሃ ላይ ያሰጣሉ። ሐዋ ይባላሉ፤ ከአሥራ ስምንቱ አባላት ሴት እሳቸው ብቻ ናቸው። ደረቁን ዓሣ አሶሳ ገበያ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። ውሃ ላይ ግን አይወጡም፤ ውሃው የወንዶች፣ ማድረቁና ገበያው የሴት ተብሎ ተከፍሏል። ማን እንደከፈለው የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ገመዴን ስጠቀልል እትዬ ሐዋ ቀና ብለው አዩኝ።

“ኡስታ፣ ገመዱ ስንት አለ?”

“አሥራ አንድ ሜትር ደርሷል እትዬ።”

“ዛፉስ ስንት አለ?”

እኔ የምለካው ውሃ መሆኑን ነገርኳቸው። ወንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ቢላቸውን አንስተው ወደ ዓሣቸው ተመለሱ።

አሶሳ ተመልሼ ምን ዓይነት እንደሚገዛ የሚዘረዝረውን ስፔስፊኬሽን በሦስት ገጽ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ አቶ ጌታቸውም ፈርመው ማኅተም መቱበት። ግዢው ሊወጣ ነው ስል እሳቸው አዘገዩት። በማንጎው ሥር ባለችው ጀልባ ምክንያት ስንት ስብሰባ ላይ እንዳፈሩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያለችውን የመሰለች ጀልባ ተውሼ ውሃው ላይ ካልሞከርኳት ለግዢ እንደማይልኩት ነገሩኝ። ተናደድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ጣና ላይ የሠራ ሰው እንዴት እንደ ጀማሪ ይፈተናል ብዬ ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ላይ ጮህኩባት። ምን ታድርገኝ፣ ራት አቀረበችልኝ።

በጉባ በኩል ዓሣ የሚያጠምድ ወዳጄ ልክ የፈለግኳትን የመሰለች ጀልባ ከአሮጌ ሞተሯ ጋር አዋሰኝ። በመኪና ጭነን ሸለቆው ያደረስናት በየካቲት ነው። ውሃው ከጥቅምቱ ወርዷል፤ ዳሩ ላይ ጭቃው ሰፍቶ ይታያል። አየሁት፤ አሥር ሜትር ከነበረው ትንሽ ቢወርድ ምን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሙሳ ከፊት ሊቀመጥ ሲል እትዬ ሐዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ሙሳ በሩጣንያ ቋንቋቸው አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው የመለሱት በአማርኛ ነው፤ እኔም እንድሰማ መሰለኝ።

“ጀልባው ለማኅበር ነው። እኔ ማኅበር ነኝ።”

ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፣ ሙሳ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ ሞተሩ ጋ።

ሞተሩ በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ጀልባዋ ውሃውን ሰንጥቃ ስትሄድ ዳር የቀሩት ሲያጨበጭቡ ሰማሁ። እትዬ ሐዋ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ግራ እንድሄድ ምልክት ሰጡኝ። እኔ ግን በጥቅምት የለካሁበት መስመር ከፊቴ አለ፤ ቀጥታ ያዝኩ። ደግመው ምልክት ሰጡኝ። ነዳጁን ጨመርኩ።

ከጀልባዋ ሥር የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማኝ፤ ከዚያ ሞተሩ ጮኸ። ጀልባዋ ቆመች። እኔ ሙሳ ጀርባ ላይ ወደቅኩ። ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል፣ ፕሮፔለሩ አይዞርም። ፒኗ ተቆርጣለች። አጠፋሁት።

ጀልባዋ አልሰመጠችም፣ አልተንሳፈፈችምም። ሹሉ ወለሏ በሆነ ነገር መሃል ገብቶ ተቀርቅሯል፤ ስንንቀሳቀስ ወደ ጎን ትጋደላለች። ፀሐይ ከፍ ብላለች፣ ውሃው ፀጥ ያለ ነው፣ እኛ ሸለቆው መሃል ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተቀምጠናል።

እትዬ ሐዋ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ውሃው ውስጥ ከተቱ፣ ትንሽ ዳበሱና ጥቁር ቅርንጫፍ ሰብረው አወጡ። ሸተቱት። ለእኔ አቀበሉኝ።

“ሮቃ ነው። እሷ ትልቅ ነው። ወርቅ ስናጥብ ጥላው ሥር እናርፋለን፣ ፍሬውን እንበላለን፣ ይኮመጥጣል።” ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝ። “ውሃ መጣ ኡስታ። ዛፍ አልሄደም።”

ያን ጊዜ ገባኝ። ድንጋዬ በቅርንጫፎቹ መሃል አልፎ መሬት ነክቷል። እኔ የለካሁት እስከ መሬት ያለውን ነው፤ ጀልባዋ ግን የምትሄደው ዛፎቹ አናት ላይ ነው። በጥቅምት ቅርንጫፉ ከወለላችን ርቆ ነበር፤ አሁን ውሃው ሲወርድ ከውሃው ፊት አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ ብሎ ቀረ። ሸለቆው በሙሉ የቆመ ዱር ነው። አፈርኩ።

የተቆረጠችውን ፒን ኪሴ ውስጥ ባለችው ብቀይር እሷም በሚቀጥለው ቅርንጫፍ ትቆረጣለች። እግረ ረጅሙን ሞተር ከውሃ አንስቼ አሰርኩት። ሙሳና እኔ በቀርቀሃ ዘንግ ቅርንጫፉን ገፍተን፣ ክብደታችንን ወደ ኋላ አድርገን፣ ብዙ ከታገልን በኋላ ጀልባዋን አወጣናት። ከዚያ ወዴት እንደምንሄድ እኔ አላወቅኩም። እትዬ ሐዋን ጠየቅኳቸው። በሥራ ዘመኔ ደንበኛን መንገድ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ ግራ አስገፉን። ሃያ ዘንግ ያህል ከገፋን በኋላ ዘንጉ ምንም መንካት አቆመ። የወርቁ ጅረት እዚህ መሆኑን ነገሩን። ከልጅነታቸው ጀምሮ እሳቸውና የመንደሩ ሴቶች ገበቴ ይዘው ሲያጥቡበት የኖሩበት ነው። ግራና ቀኙን ሲቆፍሩ ዛፉ አልቋል፤ ማገዶውንም የለቀሙት ከዚያው ነው። የሴቶቹ ጅረት ከላይ እስከ ታች ዛፍ የሌለበት መንገድ ሆኖ ውሃው ሥር ተኝቷል። እያንዳንዷን መታጠፊያ ያውቋታል። ወንዶቹ ግን ከከብት ጋር ከፍታው ላይ ይውሉ ስለነበር፣ ሙሳ ራሱ ይህን አያውቅም።

በጅረቱ መስመር ስንመለስ አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱ። መግፋታችንን አቆምን።

“እዚህ ቤቴ ነው” አሉ።

ውሃው ደፍርሶ ስለነበር ከታች የሚታይ ነገር የለም። ጥቂት ጊዜ አዩት። ሙሳ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አጎነበሰ። እኔም ያን ቀን ጠዋት ምልክታቸውን ንቄ የጨመርኩት ነዳጅ አንገበገበኝ። ከዚያ እትዬ ሐዋ ዓሣቸው ፀሐይ ላይ እንደቀረ ትዝ አላቸውና እንድንቀጥል ነገሩን።

በማግስቱ አቶ ጌታቸው ቢሮ ገብቼ የፈረምኩበት ስፔስፊኬሽን እንዲሰረዝ ጠየቅኩ። ቁልፋቸውን ማንቀጫቀጭ ጀመሩ።

“ማኅተም ተመቶበታል እኮ። ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?”

“ባለሙያው ሳይጠይቅ ፈርሟል ብለው ይጻፉ።”

ሙሳ ማንጎው ሥር ያለኝን ነገርኳቸው፤ ያቺ ጀልባ ሁለተኛ እንዳይኖራት መፍራቴን አልደበቅኩም። በመጨረሻ “በመስክ ሙከራ በተገኘ ተጨማሪ መረጃ” ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን ሳይከድኑ ቀና አሉ።

“የተጨማሪ መረጃው ስም ማን ይባላል?”

“እትዬ ሐዋ ይባላሉ።”

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ ከዚያ ቢሮ ወጥቼ አላውቅም።

አዲሱን ስፔስፊኬሽን የጻፍኩት ሸለቆው ወርጄ፣ ማኅበሩን ሰብስቤ ነው። ወለለ ጠፍጣፋ ጀልባ፣ ሰውና ዓሣ ተጭኖባት እንኳ ከአንድ ስንዝር በላይ የማትሰምጥ። ፋይበር ሳይሆን አሉሚኒየም፤ ፋይበር ቅርንጫፍ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ አሉሚኒየም ግን ይሰረጉዳል እንጂ ውሃ አያስገባም። ሞተሩ ስምንት ፈረስ፣ እግረ አጭር፣ ቅርንጫፍ ሲነካው ራሱ ወደ ላይ የሚነሳ።

ስምንት ፈረስ ሲባል ወጣቶቹ አባላት ተከፉ። በጉባ በኩል ሃያ አምስትና አርባ ፈረስ ሲያልፍ አይተዋል። አንደኛው ይህ የፈረስ ሳይሆን የፍየል ጉልበት ነው አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ጠፍጣፋ ወለልም ማዕበል ላይ እንደሚያንገጫግጭ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ክርክሩ ሊረዝም ሲል እትዬ ሐዋ ሩጫው ወዴት እንደሆነ ጠየቁ። ጅረቱ ጠባብ ነው፣ ዓሣው ደግሞ ከዛፉ ሥር አይሸሽም አሉ። ሙሳ እጄን ጨበጠኝ፤ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

ጀልባዋ የመጣችው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ሞተሩን እኔ ራሴ ሰቀልኩ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል እንድትሆን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። በዚያ ሳምንት እትዬ ሐዋ ከፊት እየተቀመጡ የጅረቱን መታጠፊያዎች አሳዩን፤ በየመታጠፊያው ቢጫ ጄሪካን በገመድና በድንጋይ አሰርን። ትልቁ ሮቃ ላይ ሁለት ጄሪካን አሰርኩበት። አንዱ ለዛፉ፣ አንዱ ለእኔ ነው አልኳቸው። ወንዶቹ እስከ ዛሬ ያንን ቦታ “የኡስታው ማረፊያ” ይሉታል።

የመጀመሪያው ቀን መረብ ሲወጣ አምባዛው ብቻ ጀልባዋን እስከ መቀመጫው ሞላት። ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ሁለት ሰው ብቻ ጎትተው ጭቃው ላይ አወጧት። እትዬ ሐዋ ዓሣውን ቆጥረው፣ ለማድረቅ ቀርቀሃ እንደማይበቃቸው እያጉረመረሙ ቢላቸውን ፈለጉ። እንደዚያ ደስ የሚል ማጉረምረም ሰምቼ አላውቅም።

ማንጎው ሥር የቆመችውንም ጀልባ አልረሳኋትም። ሞተሯን ፈትቼ አጠብኩ፣ ወለሏን በአዲስ ፋይበር ሸፈንኩና ውሃው ሰፊ፣ ዛፉ የተመነጠረ፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ወደሚነሳበት ወደ ጉባ በኩል ተላከች። እዚያ እንደ እንዝርት ትሾራለች። መጥፎ ጀልባ አልነበረችም፤ ውሃዋን ያጣች ጀልባ ነበረች። ዶሮዎቹ ብቻ ቅር አላቸው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስምንት ፈረሷ ሁለት ጊዜ ፒስተን ቀይራ እስከ ዛሬ ትሠራለች። ከኋላዋ የሚቀመጠው ይለዋወጣል፤ ከፊት ግን ውሃው በወረደ ጊዜ ሁሉ እትዬ ሐዋ ናቸው። በዚያ ሸለቆ ሴት ውሃ ላይ አትወጣም የሚባለውን ክፍፍል የሚያነሳ ሰው ዛሬ አልሰማም።

ወጣት መካኒኮች፣ አንዳንዴም ማኅበራት፣ ምን ዓይነት ጀልባና ሞተር እንደሚገዙ ሊጠይቁኝ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ስንት ሜትር ጥልቀት እንዳለው ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አቆማቸዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው ውሃው ሳይመጣ እዚያ ማን ይመላለስ እንደነበር ነው። ከዚያ ሄዳችሁ እሷን ይዛችሁ ኑ እላቸዋለሁ።